የማይክራፎን መቆሚያና ሦስቱ ጉልቻ



ዛሬ የምንነጋገረው ማይክራፎን ስለሚቆምበት ብረት ነው። ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ደሴ ሆጤ ሜዳ ላይ ሕዝብ ተሰብስቦ የክትባት ቀን ሲነገር ወይም ስለ ዘር ሲመከር ያ ብረት ቢወድቅ፣ ከኋላ የቆመው ሰው ቀኑን ሳይሰማ ይመለሳል። ከገጠር በእግሩ የመጣ ሰው እንዲያው መመለሱ ቀላል ነገር አይደለም።

መቆሚያው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቀጥ ያለ ዘንግ ነው፤ ቆሞ ለሚናገር ይበቃል። ሁለተኛው ከዘንጉ ጫፍ ወደ ጎን የሚዘረጋ ክንድ አለው። ክንዱ የሚያስፈልገው መቼ ነው? ማሲንቆ ተጫዋቹን አስቡት። ተቀምጦ እየተጫወተ ይዘፍናል። አንድ ማይክራፎን ለአፉ፣ ሌላው ቆዳ ለተወጠረበት ለማሲንቆው ሣጥን ያስፈልገዋል። ቀጥ ያለውን ብረት ፊቱ ብትተክሉበት ደጋኑ እየተጋጨ ያስቸግረዋል። ክንድ ያለው ግን ራቅ ብሎ ቆሞ ክንዱን ብቻ ይልካል። ባቲና አምባሰል የአገር ስምም የቅኝት ስምም በሆኑበት በወሎ፣ የማሲንቆው ድምፅ ሳይሰማ ቢቀር ያሳዝናል እኮ!

ታዲያ ክንዱ ሲዘረጋ ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ያደላል። ስለዚህ ለሜዳ ሦስት እግር ያለውን ምረጡ። ምክንያቱን ከምድጃችሁ ታውቁታላችሁ። ሦስት ጉልቻ መሬቱ ወጣ ገባ ቢሆንም ድስቱን ይሸከማል፤ አራት እግር ያለው ወንበር ግን በዚያው መሬት ላይ ይወዛወዛል። ድስት የሚያጋድለው ደግሞ በሁለት ጉልቻ መካከል ባለው ክፍት በኩል ነው። እንግዲያው ክንዱን ከሦስቱ እግሮች በአንዱ አናት ትይዩ ዘርጉት፤ በሁለቱ መካከል አትዘርጉት። እግሮቹም እስከ መጨረሻው ይከፈቱ። መተላለፊያ ጠበበ ብለው እግሮቹን የሚሰበስቡ አሉ፤ መጥፎ ልማድ ነው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ማይክራፎኑ 300 ግራም ይመዝናል እንበል። ከዘንጉ 80 ሳንቲ ሜትር ርቆ ተንጠልጥሏል። 300 በ80 ሲባዛ 24,000 ይሆናል። በክንዱ ጭራ በኩል፣ ከዘንጉ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ 600 ግራም ብናስር 600 በ40 ያው 24,000 ነው። የክንዱን የራሱን ክብደት ትተን፣ ሁለቱ ወገን ተመዛዘነ ማለት ነው። ገበያ ላይ በሚዛን የመዘነ ሰው ይህ አይጠፋውም። ክብደት ከሌላችሁ ክንዱን አሳጥሩት፤ ያም ይረዳል።

ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ያለች ደጋ ናት፤ ነፋስ አይጠፋባትም። በሜዳ ላይ አሸዋ የሞላ ከረጢት እግሮቹ ላይ ጫኑ። ክብ ብረት እግር ያለውማ ለአዳራሽ ይሁን። ገመዱንም ዘንጉ ላይ ጠምጥማችሁ ከታች ላላ አድርጉት፤ የተወጠረ ገመድ የአላፊውን እግር ሲይዝ መቆሚያውን ይዞት ይሄዳል።

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ስትገዙ ቀለሙን አትዩ። ክንዱን ዘርግታችሁ፣ ማይክራፎን ሰቅላችሁ፣ ብሎኑን አጥብቃችሁ ጥቂት ጠብቁ። ቀስ እያለ ከወረደ አትግዙት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ረጅም ሰው ተናግሮ ሲወርድ አንዲት አጭር እናት ተራ ይደርሳቸዋል። መቆሚያው እንደነበረ ከተተወ ወይ ይንጠራራሉ፣ ወይ ድምፃቸው አይሰማም፤ ሰውም ምንም አልተናገሩም ይላል። ስለሆነም ከፍታውን የሚያስተካክል አንድ ሰው አጠገቡ ይቁም። አንዱ እጁ ክንዱን ይያዝ፣ ሌላው ብሎኑን ይፍታ። ስብሰባው ሲያበቃም መጀመሪያ ማይክራፎኑ ይነሣ፣ ቀጥሎ ክንዱ ይታጠፍ። ብሎኑ ላልቶ ክንዱ በድንገት ቢወርድ የሚመታው ለማየት የተጠጋውን ልጅ ነው።