አውራ ጎዳናው የከተማም መንገድ ነው

ቀዳሚ አቅራቢ፦ ቡታጅራን ሰንጥቆ የሚያልፈው አውራ ጎዳና ከአለም ገና ተነስቶ ወደ ሆሳዕናና ሶዶ ይዘልቃል። የጭነት መኪና፣ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ ብስክሌትና እግረኛ አንድ አስፋልት ይሻማሉ፤ በገበያ ቀን ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ መንገዱ እንደገና ሲነደፍ መነሻው የእግረኛ ደኅንነት ሊሆን ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ለሞት የሚዳርግ አደጋ በ4 በመቶ ያድጋል።

ተባባሪ አቅራቢ፦ ሾፌሮች ግን አይስማሙህም። ጭነት ይዘገያል፣ መንገዱ ከጠበበ ነጋዴውም ይጎዳል ይላሉ። አዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. የጀመረችው የኮሪደር ልማትም የብስክሌትና የእግረኛ መስመር ቢያመጣም፣ ብዙ ቤትና ሱቅ አስፈርሷል።

ቀዳሚ አቅራቢ፦ የመፍረሱ ስጋት እውነተኛ ነው፤ ከዚያ ልምድ መውሰድ ያለብን መስመሩን እንጂ ጥድፊያውን አይደለም። መዘግየቱን ግን እናስላው፦ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይነዳ የነበረ ሾፌር ወደ 30 ዝቅ ቢል፣ በአንድ ኪሎ ሜትር የሚያጣው 48 ሰከንድ ብቻ ነው። ለነጋዴውም የማራገፊያ ቦታና ሰዓት ይለይለት፤ በእግሩ የሚመጣ ገበያተኛም ደንበኛው ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ንድፉን ከማጽደቁ በፊት ባለ ባጃጆችን፣ ጋሪ ነጂዎችንና ተማሪዎችን ይጠይቅ።