በጥቂት ገንዘብ ሙዚቃን ስለ ማከማቸት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 ርእሴን ባስመዘገብሁ ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቼ «ሙዚቃ ማከማቸት ምን ቁም ነገር አለው? ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ ሙዚቃው በእጁ አይደለምን?» ብለው ሥቀውብኛል። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት እንደ እነርሱ አስብ ስለ ነበር አልፈርድባቸውም። ነገር ግን በቤታችን የሆነውን ከነገርኋችሁ በኋላ ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ።

አባቴ የ50 ዓመት ሰው ናቸው፤ ሥራቸውም ልብስ ስፌት ነው። በወጣትነታቸው ከስፌት መኪናው አጠገብ ቴፕ አስቀምጠው እያዳመጡ ይሠሩ ነበርና በየጊዜው የገዟቸው ካሴቶች 140 ያህል ደርሰው በሁለት ካርቶን ሆነው ከአልጋ ሥር ተቀምጠው ነበር። ካሴት የሚሸጥ ሱቅ እየጠፋ፣ ቴፑም እየደከመ በሄደ ጊዜ አባቴ ዜማዎቹን ወደ አዲሱ ዘዴ ለማሸጋገር አሰቡ። ይሁን እንጂ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ስላለባቸው ለዚህ ሥራ ሊመድቡ የቻሉት በወር 200 ብር ብቻ ነበር።

እኔም ያን ጊዜ የ14 ዓመት ልጅ ነበርሁና መፍትሔውን ያወቅሁ መሰለኝ። «አባባ፣ ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? እኔ ፍላሽ ላስጭንልዎ» አልኋቸውና ወደ አንድ ሙዚቃ ቤት ሄጄ ከ2,000 የሚበልጡ ዘፈኖች አስጭኜ ተመለስሁ። አባቴ ጥቂት ካዳመጡ በኋላ «ልጄ፣ ይህ የሚዘፍነው ማነው?» ብለው ጠየቁኝ። በፋይሉ ላይ የተጻፈው «ትራክ 07» የሚል ብቻ ስለ ነበር መልስ አጣሁ። ስምንት ወርም ሳይሞላ ፍላሹ አልከፍትም አለ፤ ሌላ ቅጂ አልነበረንምና ያ ሁሉ ዘፈን ባንድ ቀን ጠፋ። አባቴም ሳይቈጡ «የማናውቀው ነገር ቢሄድ ምን ብለን እናለቅሳለን?» አሉና ካርቶኖቹን ከአልጋው ሥር ጐትተው አወጡ።

እንግዲህ ሥራው እንዴት እንደ ተሠራ በአጭሩ ላስረዳ። ካሴት ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው ሲሆን፣ ድምፁ የሚያዘው በቀጭን ጥብጣብ ላይ በተቀባ መግነጢሳዊ ዱቄት ነው። ኮምፒዩተር ግን ድምፁን እየለካ በቁጥር ይጽፈዋል፤ ይኸውም በሲዲ ደረጃ ሲሆን በየሰከንዱ 44,100 ጊዜ ይለካል ማለት ነው። ለዚህም ሥራ ያስፈለገን ዕቃ ጥቂት ነው። ቴፑ ነበረን፤ አጎቴ ለትምህርቴ የሰጠኝ አሮጌ ኮምፒዩተርም ነበረን። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር የገዛነው ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒዩተሩ ሰማያዊ ቀዳዳ የሚዘረጋ አንድ ገመድ፣ የቴፑን ራስ የምንጠርግበት አልኮልና ጥጥ ብቻ ነው። የሚቀዳው ፕሮግራም ኦዳሲቲ ይባላል፤ እርሱም በነጻ የሚገኝ ነው።

በዚህ ሥራ ከገንዘብ ይልቅ የሚፈለገው ትዕግሥት ነው። የ60 ደቂቃ ካሴት ለመቅዳት 60 ደቂቃ ይፈጃል፤ ማሳጠሪያ መንገድ የለውም። መብራት በመካከል ከጠፋ ደግሞ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። እኛም በየቅዳሜው ማታ ሁለት ሁለት ካሴት እየቀዳን 140ውን ለመፈጸም 70 ሳምንት፣ ማለት አንድ ዓመት ከአራት ወር ያህል አስፈለገን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለውን ያን ጊዜ በዓይኔ አየሁ።

ማስቀመጫውም እንደምናስበው ውድ አይደለም። በሲዲ ደረጃ የተቀዳ ድምፅ ለአንድ ደቂቃ 10 ሜጋ ባይት ያህል ይይዛል። ፍላክ በሚባለው ዘዴ ሲታጠፍ ከድምፁ ምንም ሳይጐድል ወደ ግማሽ ይወርዳል። ኤምፒ3 በሚባለው ሲሆን ደግሞ፣ ጆሮ እምብዛም የማያስተውለው ድምፅ እየተቀነሰ ለደቂቃ ወደ 1 ሜጋ ባይት ሊወርድ ይችላል። አባቴም ለማስቀመጥ ፍላኩን፣ በሥራ ቦታ ለማዳመጥ ኤምፒ3ውን መረጡ። 140 ሰዓት ዜማ በፍላክ 45 ጊጋ ባይት ያህል ስለሚሆን ባለ 64 ጊጋ ባይት ሚሞሪ ይበቃዋል። ከወር ወር ገንዘቡን አጠራቅመን ሁለት ገዛን፤ አንዱ በቤታችን፣ ሁለተኛው በአክስቴ ቤት ይቀመጣል። ከጠፋው ፍላሽ የተማርነው ይህን ነው።

ስም አጻጻፍም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። «ጥላሁን ገሠሠ» ብለን ጽፈን በሌላ ቀን «ጥላሁን ገሰሰ» ብንል ኮምፒዩተሩ ሁለት ዘፋኞች አድርጎ ይለያቸዋል። ስለዚህ አባቴ በአንድ ደብተር የዘፋኞቹን ስም አንድ ጊዜ ወስነው ጻፉ፤ እኔም ከደብተሩ እያየሁ እመዘግባለሁ። ማን እንደ ዘፈነው፣ ካሴቱ መቼና የት እንደ ተገዛ አባቴ ሲነግሩኝ፣ በዚያ ፍላሽ ላይ ስማቸውን ያላወቅኋቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ተዋወቅኋቸው።

ከዚህም ጋር የሕጉ ነገር አለ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሰው ከታተመ ሥራ ለግል መጠቀሚያው አንድ ቅጂ ማዘጋጀቱን አይከለክልም፤ አባዝቶ መሸጥ ግን የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል። እኔ ያስጫንሁት ፍላሽ ለዘፋኞቹ አንድ ሳንቲም እንዳላስገኘላቸው የተረዳሁት በኋላ ነው። አባቴ ግን አዲስ ዘፈን ሲወዱ ከ200 ብራቸው ቈጥበው ይገዛሉ። ድኻ ነኝ ብሎ የሌላውን ድካም በነጻ መውሰድ አይገባም ይላሉ።

የድሮ ዜማ ጠብቆ ማቆየት ለአገርም እንደሚጠቅም አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ሲዲ ማሳተም ሲጀምር፣ ብዙዎቹ ሥራዎች ዐምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋመው ዐምሃ ሬከርድስና በመሰሎቹ በሸክላ የታተሙ ነበሩ። ቅጂዎቹ ተጠብቀው ባይቈዩ ኖሮ የሙላቱ አስታጥቄና የማሕሙድ አሕመድ የዚያ ዘመን ሥራ በዚያ መልክ ለዓለም ባልተዳረሰም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከካርቶኑ ውስጥ አንድ ጽሑፍ የሌለበት ካሴት ወጣ። አባቴ «ይህን ከሁሉ አስቀድመን እንቅዳ፤ ሌላውን ገበያ ላይ እናገኘው ይሆናል፤ ይህን ግን የሚሸጥልን የለም» አሉ። ካሴቱ በ1992 ዓ.ም. በወላጆቼ ሠርግ የተቀዳ፣ ያረፉት አያቴ ሙሽሮቹን የመረቁበት ነበር። ጥብጣቡ ተበጥሶ ስለ ነበር አምስቱን ብሎኖች ፈትተን፣ ቀጥለን፣ በሌላ ካሴት ቅርፊት ውስጥ አዛወርነው።

የአያቴ ድምፅ ተሰማ። «እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ያድርጋችሁ፤ ልጆቻችሁንም...» ካሉ በኋላ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣና አንድ ሕፃን «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያለ መቍጠር ጀመረ። ሕፃኑ እኔ ነበርሁ። በ5 ዓመቴ ፊደል ስማር ቀዩን ቍልፍ ተጭኜ የአያቴን ምርቃት አጥፍቼዋለሁ። በካሴቱ ጀርባ ያሉት ሁለቱ ትንንሽ ፕላስቲኮች ተሰብረው ቢሆን ኖሮ ቴፑ በላዩ ላይ ባልቀዳ ነበር። ምርቃቱ ወደ እኛ ወደ ልጆቹ ሲደርስ ያቋረጥሁት እኔው ራሴ ነኝ።

አንገቴን ደፍቼ «ይቅር ይበሉኝ» አልሁ። አባቴም ዓይናቸው እንባ ሞልቶ እየሣቁ «አይቈረጥ፤ እንዳለ ይቀመጥ። የእርሳቸውም ድምፅ ያንተም ድምፅ የቤታችን ነው» አሉኝ። እንዳለም ተመዘገበ።

የተከበራችሁ ወላጆችና ውድ ጓደኞቼ፤ ጌታችን ሕዝቡን ካበላ በኋላ የተረፈው ቍርስራሽ እንዳይጠፋ ማሰብሰቡን በትምህርታችን አንብበናል። በየቤታችሁም የአባት ምርቃት፣ የእናት እንጕርጕሮ፣ ከሩቅ አገር በካሴት የተላከ ሰላምታ ይኖራል። ገንዘባችሁ ጥቂት ቢሆን አትፈሩ፤ በገበያ ከማይገኘው ጀምሩ፤ በስሙ ጻፉት፤ በሁለት ቦታ አስቀምጡት። አያቶቻችሁም በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ድምፃቸውን ቅዱ። እኔ የጠፋውን የምርቃት ክፍል መልሼ ላገኘው አልችልም፤ እናንተ ግን ገና ጊዜ አላችሁ።