በኢንተርኔት የሚሰጡ ትምህርቶችን አቅልሎ ስለ ማዘጋጀት
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ በኢንተርኔት የሚሰጡ ትምህርቶች አዘገጃጀት የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ ስለ ሆነ ከዚሁ ውስጥ አንዱን ነገር፣ ይኸውም ቀላልነትን ብቻ መርጬ፣ መልካ ጀብዱ ላይ ከገጠመኝ ተነሥቼ ጥቂት እንድናገር ትፈቅዱልኝ ዘንድ እለምናለሁ።

መልካ ጀብዱ ከድሬዳዋ ወጣ ብላ የምትገኝ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ በአንድ ሻይ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ የሚሰሙባት ሥፍራ መሆኗን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በአካባቢዋ ከተሠራ፣ አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መሥመርም በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎቱን ከጀመረ ወዲህ፣ ዕቃ መረከብና ማስረከብ የሚያውቅ ሰው እጅግ ይፈለጋል። እኔም ከጥቂት ባልደረቦቼ ጋር ሆኜ ለንብረት ክፍል ሠራተኞች በሞባይል የሚከታተሉት የዕቃ አያያዝ ትምህርት አዘጋጀን።

የመጀመሪያው ዝግጅታችን፣ ዛሬ ሳስበው፣ ለእኛ ለአዘጋጆቹ ክብር የተሠራ ነበር። ሙዚቃ ያለው የመክፈቻ ቪዲዮ ነበረው፤ ኢሜይልና የይለፍ ቃል የሚጠይቅ መግቢያ ነበረው፤ በየምዕራፉ መጨረሻም ሰዓት የሚቈጥር ፈተና አቁመንበት ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ለብዙ ዓመታት በዕቃ ግምጃ ቤት ያገለገለች ተማሪያችን መስተዋቱ የተሰነጠቀ ስልኳን ይዛ መጣችና፣ «መምህር፣ መጋዘኑንስ ዐውቀዋለሁ፤ የቸገረኝ የእናንተ በር ነው» አለችኝ። ሌሎቹ እንደ እርሷ አልመጡም፤ በዝምታ ቀሩ። እኛም በሪፖርታችን ላይ «የተማሪዎች ፍላጎት ማነስ» ብለን ጻፍን። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ እንዲህ ቀርቶ የሚቀር ሰው ጥፋቱን በራሱ ላይ ማድረጉ ነው፤ ትምህርት ለእኔ አልተፈጠረም ብሎ ይደመድማል፤ ዳግመኛም በር አያንኳኳም።

እስቲ ሒሳቡን እንመልከት። በሰከንድ 1 ሚሊዮን ቢት የሚወስድ የ20 ደቂቃ ቪዲዮ 150 ሜጋባይት ይሆናል። ያው ንግግር በሰከንድ በ32 ሺህ ቢት በድምፅ ብቻ ቢቀዳ 5 ሜጋባይት አይሞላም። በፊደላችን የተጻፈ ገጽ ደግሞ፣ አንዱ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፣ 2,000 ፊደላት ቢኖሩት 6,000 ባይት ብቻ ነው። ከደመወዟ ቀንሳ ካርድ ለምትሞላ ሠራተኛ ይህ ልዩነት የዳቦ ጉዳይ ነው።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ይተላለፍ የጀመረውን፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» ያልነውን ትምህርት ከመካከላችሁ ያስተማረበትም የተማረበትም አይጠፋም። ሥዕሉ ያማረ ነበር፤ ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ማሳየቱም የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን በእንግሊዝኛ የሚናገረው የማያው መምህር ጥያቄ ጠይቆ፣ ጥቂት ጠብቆ፣ ተማሪው ጥያቄውን ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱን ይነግረው ነበር። በክፍሉ የቆመው መምህርም ሊያስቆመው አይችልም። በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርት ትልቁ ብልጫው መቆም መቻሉ ነው። ሰዓት ቈጣሪውን ፈተና ስንጨምርበት ይህንኑ ብልጫ በገዛ እጃችን ነጠቅነው።

አውስትራሊያዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጆን ስዌለር እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው ጥናት፣ አእምሮ በአንድ ጊዜ የሚሸከመው ጭነት ውሱን በመሆኑ፣ አንዳንድ የችግር አፈታት ልምምድ ለመማር የሚያስፈልገውን አቅም ሊሻማ እንደሚችል አመልክቷል። በእኛ ዘንድ የተሻማው የይለፍ ቃሉ ነበር።

በመሆኑም ሥራውን እንደ ገና ጀመርነው። መግቢያው ቀረ፤ ትምህርቱ ሁሉም በስልኩ ላይ በያዘው በቴሌግራም ተላከ። አንዱ ትምህርት አንድ ሥራ ብቻ እንዲይዝ አደረግን፤ ዕቃ በሞዴል 19 መረከብ አንድ ትምህርት፣ በሞዴል 22 ወጪ ማድረግ ሌላ ትምህርት ሆነ። አንድ ገጽ ጽሑፍ፣ አንድ የቢን ካርድ ፎቶግራፍና አጭር የድምፅ ማብራሪያ ብቻ ተቀመጠ። ድምፁን በሦስቱም ቋንቋዎች ቀዳነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በመጀመሪያው ዙር ከያዛቸው አምስት ቋንቋዎች ሦስቱ እነዚሁ ነበሩ፤ ዘመቻው የሚነቀፍበት ነገር ቢኖርም ይህንን አስቀድሞ ተረድቶታል። የሰነዶቹን ስም ግን አልተረጐምነውም፤ ቢን ካርድን ሁሉም ቢን ካርድ ብሎ ይጠራዋልና። ይህን ሁሉ ለማሳጠር የፈጀብን ጊዜ የመጀመሪያውን ለማስረዘም ከፈጀብን ይበልጥ ነበር።

አንድ ስሕተታችንንም ሳልደብቅ ልጨምር። ማቅለሉ ሲጥመን ከልክ አለፍን። ቈጠራና መዝገብ አልገጥም ሲሉ ምን እንደሚደረግ የሚያስረዳውን ትምህርት፣ ይከብዳል ብለን አወጣነው። ተማሪዎቹ ካርዱን አሳምረው መሙላት ቻሉ። ነገር ግን «በካርዱ 40 ከረጢት ተጽፎ በመጋዘኑ 37 ቢገኝ ምን ታደርጋላችሁ?» ብለን ስንጠይቅ፣ አንደኛው ያለ ማመንታት «ካርዱን 37 ብዬ አስተካክላለሁ» አለን። እንዲህ ያለው መልስ አንድን የንብረት ሠራተኛ ለእስር ሊያበቃው ይችላል። ያወጣነውን ትምህርት በማግሥቱ መለስነው። አሁን ከሁሉ ረጅሙ እርሱ ነው፤ ድምፁ ብቻ 18 ደቂቃ ይወስዳል። ያች ስልኳ የተሰነጠቀባት ተማሪያችን ሦስት ጊዜ አስቁማ እንደ ሰማችው ነግራኛለች።