እጅህ የገባ ሰው አደራ ነው
(ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በተደረገ የወጣቶች ውይይት ላይ የቀረበ ንግግር)



ከመካከላችሁ ፖሊስ ለመሆን የሚያስቡ እንዳሉ አውቃለሁ። አንዳንዱ ጓደኛ እንዳይሰማበት ይደብቃል። «ፖሊስ ከሆንክማ ከእኛ ወጣህ» የሚል አለ። ሌላው ደግሞ «ግቡ፣ ውስጥ የራሳችን ሰው ያስፈልገናል» ይላል። እኔ ሁለቱም አይዋጡልኝም። ለምን እንደሆነ ይቺ ሰፈር ራሷ ታስረዳናለች።

ሚያዝያ 1928 ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ሲወጡ ከተማዋ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። ሚያዝያ 27 ጣሊያን ገባ። ያኔ የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ ባላምባራስ አበበ አረጋይ ነበሩ። ለአዲሱ ጌታ አድረው ሹመታቸውን ይዘው መቀመጥ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን የሚከተሏቸውን ይዘው ወደ ሸዋ ገጠር ወጡ፣ እስከ ነፃነት ድረስ አምስት ዓመት ተዋጉ። በኋላም ራስ ተባሉ። ከአለቃ በላይ አገርን ያስቀደመ ፖሊስ እንዲህ ያለ ነው።

አሁን ታሪኩን ወደ 1953 ላምጣው። በታኅሣሥ ወር የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ፣ ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ፣ የፖሊስ ሠራዊት አዛዡ ጄኔራል ጽጌ ዲቡና ሌሎችም መንግሥት ለመገልበጥ ተነሡ። የድሃው ኑሮ ይለወጥ ብለው ነው የተነሡት። ዓላማቸውን ልከራከር አልመጣሁም። ነገር ግን ሙከራው ሲከሽፍ ምን ሆነ? በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ የስድስት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ ባለበት ግቢ፣ ታግተው የተቀመጡ ባዶ እጃቸውን የነበሩ ሹማምንት ላይ ተተኮሰ። ከደርዘን በላይ ሰው ሞተ። ከሟቾቹ አንዱ ማን ነበሩ? ያው ራስ አበበ አረጋይ!

ጣሊያን አምስት ዓመት ያላገኛቸው አርበኛ፣ በገዛ ወገናቸው እጅ፣ ታጋች ሆነው ሞቱ። ጄኔራል ጽጌም በዚያው ግጭት ሕይወታቸው አለፈ። ጄኔራል መንግሥቱ ቆስለው ተያዙ፣ ተፈረደባቸው፣ መጋቢት 1953 በዚሁ በተክለ ሃይማኖት አደባባይ ተሰቀሉ። በየቀኑ ታክሲ የምንጠብቅበት ሰፈር ይሄን አይቷል።

ወጣቶች፣ እኔ ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው። የዓላማህ ትልቅነት እጅህ በገባ ሰው ላይ የምታደርገውን አያጥብልህም። ታማኝነት የሚፈተነው በሰልፍና በመፈክር አይደለም። በር ተዘግቶ፣ አንተ መሣሪያ ይዘህ፣ እሱ ባዶ እጁን ፊትህ ሲቀመጥ ነው።

ሕጉም ይህንኑ ይላል። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ፣ ተገዶ የሰጠው ቃል ማስረጃ አይሁን ይላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 424 ደግሞ ቃል ለማውጣት ተጠርጣሪን ያሠቃየን የመንግሥት ሠራተኛ ይቀጣል፣ ትእዛዙን የሰጠውን አለቃ ደግሞ አክብዶ ይቀጣል። «ታዝዤ ነው» ማለትስ? አንቀጽ 74 በሩን ዘግቶታል፤ ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ የፈጸመ የበታች ከተጠያቂነት አያመልጥም።

እዚህ ላይ «እሺ፣ እምቢ ካልኩ ግን ሩቅ ያዛውሩኛል፣ ማዕረጌን ይይዙብኛል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ሊሆን ይችላል። ዋጋ የለውም ብዬ አልዋሻችሁም። ግን ፈተናው ከትንሽ ነው የሚጀምረው። ዛሬ «ለሻይ» ብሎ ከሾፌር ሃምሳ ብር የተቀበለ ኮንስታብል፣ ነገ ኢንስፔክተር ሲሆን አለቃው «ይሄን ልጅ ጥፋተኛ አድርገው» ቢለው በምን አፉ እምቢ ይላል? አስቀድሞ ተሸጧል እኮ!

ስለዚህ የምትገቡ ግቡ። ስትገቡ ግን እንዲህ አድርጉ። የያዛችሁትን ሰው የተያዘበትን ሰዓት በትክክል መዝግቡ። የማይገባ ትእዛዝ ሲመጣ «በጽሑፍ ይስጡኝ ጌታዬ» በሉ፤ ብዙ ትእዛዝ እዚያው ይቀራል። ልደታ ፍርድ ቤት ምስክር ሆናችሁ ስትቆሙ ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ። መሪነት ኮማንደር እስክትሆኑ አይጠብቅም። አንድ ሳጅን «በእኔ ፈረቃ ማንም አይመታም» ካለ፣ ያ ጣቢያ ዛሬውኑ መሪ አግኝቷል።

የማትገቡትም ሥራ አላችሁ። ፖሊስ ሁሉ ጠላት ነው አትበሉ፤ ጥሩውን ብቻውን ታስቀሩታላችሁ። «የእኛ ልጅ ነው፣ ይለቀን» ብላችሁም አትደውሉለት። ለእኛ ያዳላ ፖሊስ ነገ ለሌላው በእኛ ላይ ያዳላል። እኛ የምንጠይቀው የሚያዳላልን ሳይሆን ሕዝባችን ሳይፈራው የሚቀርበው ፖሊስ ነው። በደል ስታዩ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የምስክሮቹን ስም ያዙና ለሰብዓዊ መብት ኮሚሽን አመልክቱ። ስድብ አየር ላይ ይቀራል፣ ማስረጃ ግን አይጠፋም።

ብሔርተኝነት ማለት ወገንን መውደድ ከሆነ፣ ፍቅሩ እስር ክፍል ውስጥም ይታይ። የማናውቀውን፣ የማይመስለንን፣ የሚጠላንን ሰው ጭምር በሕግ የሚይዝ ልጅ ካወጣን፣ ያኔ ትግላችን ፍሬ አፍርቷል።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!