ከአዲስ አበባ ማርቆስ ስንት ሰዓት ነው?



ከውጭ አገር ያሉ ጓደኞቻችን ለዚህ በዓል ሲዘጋጁ ደጋግመው የጠየቁን «ከአዲስ አበባ ማርቆስ ስንት ሰዓት ነው?» እያሉ ነው። ቀላል ጥያቄ ይመስላል፤ መልሱ ግን ማስላት ይፈልጋል።

አሞራ ሆነን በቀጥታ ብንበር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና ግን 300 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መንገዱ በፍቼ አድርጎ ጎሃ ጽዮን ይደርስና ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ ደጀን ይወጣል። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል፣ እንደገና ያንኑ ያህል ዳገት! በ1999 ዓ.ም. የመጡት የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቻችን የተሻገሩት በአሮጌው ድልድይ ነበር። በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ መሻገሩን አቀለለው፤ ቁልቁለቱንና ዳገቱን ግን ድልድይ አያስቀረውም። ሁሉ ነገር ከቀና ስድስት ሰዓት ያህል ያዙ።

«እስከ ባሕር ዳር በአውሮፕላን ብመጣስ?» የሚልም አለ። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአየር 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከለንደን ፓሪስም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በረራው አንድ ሰዓት ያህል ነው። ይህ ግን አውሮፕላኑ ከቆመበት ተነሥቶ ሌላው ጋ እስኪቆም ያለው ብቻ ነው፤ ፍተሻው፣ ጥበቃውና ሻንጣው አልተቆጠረም። ብዙ ሰው ከለንደን ፓሪስ በባቡር መሄድ የሚመርጠውም ለዚሁ ነው፤ ባቡሩ ሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል ቢፈጅም ከመሀል ከተማ ተነሥቶ መሀል ከተማ ያደርሳል። እኛ ደግሞ ባሕር ዳር ወርደን 260 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ወደ ማርቆስ መመለስ አለብን። ቦሌ ሁለት ሰዓት ቀድሞ መገኘቱን ብንጨምር ከስድስት ሰዓት ያልፋል። ጣናን ለማየት ከሆነ መልካም ነው፤ ለመፍጠን ከሆነ ግን ትርፍ የለውም።

ይህን ሁሉ የምለው ለበዓላችን ብቻ ብዬ አይደለም። ወደ አዲስ አበባ ሪፈር የተጻፈላት ወላድ ሕይወቷ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ነው የሚለካው። መርዶ ሰምቶ ለቀብር ለሚሮጥ ልጅም እንደዚያው ነው። ናዳ ወይም የጸጥታ ችግር መንገዱን በዘጋው ቀን ደግሞ ርቀቱ ያው 300 ኪሎ ሜትር ሆኖ ሳለ ሰዓቱ ማለቂያ ያጣል።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዛሬ በምትሞሉት ቅጽ ጀርባ ከየት፣ በስንት ሰዓት ተነሥታችሁ፣ በስንት ሰዓት እንደደረሳችሁና የት እንደቆማችሁ ጻፉልን። መምህራኖቻችንም ይህን በየዓመቱ ቢያሰባስቡት፣ መንገዳችን እየቀረበ ይሁን እየራቀ በግምት ሳይሆን በማስረጃ መናገር እንችላለን። የሚመለከተውን አካል ለመጠየቅም አፋችንን ሞልተን እንናገራለን።