ሕዝብ ይጠየቅ፤ አገር ግን በ«ሃምሳ ሲደመር አንድ» አይወሰን

ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ መራጮች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ከተማ መራጮች፤
ከጃቢ ጠህናን፣ ከቡሬ ዙሪያና ከደምበጫ ገጠር ቀበሌዎች የመጣችሁ ወገኖቻችን፤

ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ በቆሎ ገበያና ስለ ወጣቱ ሥራ አጥነት ያለንን አማራጭ በማኒፌስቷችን በየምዕራፉ አስፍረናል። ዛሬ የምንነጋገረው ከእነዚህ ሁሉ በፊት ስለሚመጣ ጉዳይ ነው። ይኸውም አገር የሚለውጥ ውሳኔ በማን፣ እንዴትና በስንት ድምፅ ይወሰን የሚለው ነው።

በምርጫ ሰሞን «ጉዳዩን ለሕዝበ ውሳኔ እናቅርበው» የሚል ቃል ከየአቅጣጫው ይሰማል። ስለ ሕገ መንግሥቱ ይባላል፣ ስለ ወልቃይትና ራያ ይባላል፣ ስለ ክልል አወቃቀር ይባላል። ሕዝብ ይጠየቅ ማለት መልካም ነው፤ እኛም እንላለን። ነገር ግን ሕዝቡ ለሁለት እኩል ቢከፈልስ? ለጥቂት የተሸነፈው ወገን በማግስቱ ምን ይሁን? ይህንን አስቀድሞ የሚመልስ ፓርቲ እምብዛም አላየንም። እኛ ግን ከምርጫው በፊት መልሱን በግልጽ ልንነግራችሁ ወደናል።

እስካሁን እንዴት ተጠየቅን?

በመላ አገሪቱ ሕዝበ ውሳኔ የተካሄደው በደርግ ዘመን፣ ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. ነው። በኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት ላይ 81 በመቶ የሚሆነው ድምፅ ሰጪ «አዎን» ብሏል ተባለ። ያ ሕገ መንግሥት አምስት ዓመት እንኳ ሳይሞላው በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከነሥርዓቱ ወደቀ። ሕዝቡ በነፃነት ያልመከረበት ቁጥር፣ ቁጥሩ ቢበዛም ማገር አይሆንም።

በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በኤርትራ በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ 99.8 በመቶ የሚሆነው ድምፅ ለነፃነት ተሰጠ። የቀረው የኢትዮጵያ ሕዝብ አልተጠየቀም። ከዚህም ጋር ድንበሩ በምድር ላይ አልተከለለም፤ የዜግነት፣ የንብረት፣ የገንዘብና የወደብ ጉዳይ በጽኑ ውል አልታሰረም። አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በግንቦት 1990 ዓ.ም. በባድመ ሳቢያ ጦርነት ተከፈተ፤ በሁለቱም ወገን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች አለቁ። ስለዚህ አደጋው ያለው በተቀራረበ ቁጥር ላይ ብቻ አይደለም። ከድምፁ በፊት ያልተቋጨ ነገር ካለ 99 በመቶም ሰላም አያመጣም።

አሁን በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. በሕገ መንግሥት ጉባኤ ጸደቀ እንጂ ለመራጩ ሕዝብ በቀጥታ አልቀረበም። ከዚያ ወዲህ የተካሄዱት ሕዝበ ውሳኔዎች በአንድ አካባቢ የተወሰኑ ናቸው። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሲዳማ 98.5 በመቶ የሚሆነው ድምፅ ክልል መሆንን ደገፈ። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ዞኖች ድምፅ ሰጡ። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በደቡብ በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ደግሞ የወላይታ ዞን ውጤት በተፈጸሙ ጥሰቶች ምክንያት ተሰርዞ፣ ሰኔ 12 ቀን እንደገና ድምፅ ተሰጠ። ምርጫ ቦርድ ያንን ውጤት መሰረዙ ተገቢ ነበር። ግን እስቲ አስቡት፤ በአንድ ዞን እንዲህ ያለ ጥሰት ከተፈጸመ፣ በመላ አገሪቱ ውጤቱ በጥቂት ሺህ ድምፅ ቢለያይ ማን ያምነዋል?

ሕጉ ራሱ ተገላቢጦሽ ነው

የሕገ መንግሥቱን አንድ አንቀጽ ለማሻሻል አንቀጽ 105 ከባድ መስፈርት ያስቀምጣል። የሕዝብ ተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው በድምፅ ብልጫ መስማማት አለባቸው። ምዕራፍ ሦስትን ለመንካትማ ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች መስማማት ይኖርባቸዋል። ወደ አንቀጽ 39 ስንመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የመገንጠል ጥያቄ በብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ከተደገፈ በኋላ፣ በሕዝበ ውሳኔው የሚፈለገው ተራ የድምፅ ብልጫ ነው። አንድ መስመር ለመፋቅ ሁለት ሦስተኛ ይጠየቃል፤ አገር ለመክፈል ግን በመጨረሻው ድምፅ ሃምሳ ሲደመር አንድ ይበቃል።

ወገኖቻችን፣ እናንተ ዕድራችሁን እንኳ በአንድ ሰው ብልጫ አታፈርሱም። ሁለት ጎረቤታሞች በወሰን ሲካሰሱ ሽማግሌ የሁለቱንም ምስክር ሰምቶ፣ ሁለቱም እያዩ ድንጋይ ይተክላል እንጂ ዘመድ የበዛለትን «ወሰኑ ያንተ ነው» አይለውም።

ከሌሎች አገሮች ምን እንማራለን?

እንግሊዞች በሰኔ 2008 ዓ.ም. ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት 51.9 ለ48.1 በሆነ ድምፅ ወሰኑ። ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ በብዙኃን ድምፅ እንቆይ ቢሉም የእንግላንድ ቁጥር ዋጣቸው። «እንውጣ» ያለው ሕዝብ እንዴት እንደሚወጣ ግን አልተጠየቀም ነበር። ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮች በዚሁ ጉዳይ ሥልጣን ለቀቁ፤ መውጫው ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ፈጀ። አበው «መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው» የሚሉት ይህንን ነው። ያን ያህል ያረጀ ፓርላማ፣ ነፃ ፍርድ ቤትና የታመነ ቆጠራ ያለው አገር እንዲህ ከተናጋ፣ እነዚህ ሁሉ ያልጸኑለት አገር ምን ሊገጥመው ይችላል?

በካናዳ ኬቤክ በ1988 ዓ.ም. የመለየት ጥያቄው በ50.6 ለ49.4 ተሸነፈ። ካናዳውያን ከዚያ ተምረው፣ ወደፊት እንዲህ ያለ ጉዳይ በግልጽ ጥያቄና በግልጽ ብልጫ ካልሆነ ተቀባይነት እንዳይኖረው በሕግ ደነገጉ። ሞንቴኔግሮ በ1998 ዓ.ም. ከሰርቢያ ስትለይ 55 በመቶ መገኘት እንዳለበት ከድምፁ በፊት ስምምነት ተደርጎ ነበር፤ 55.5 በመቶ ተገኘ፤ ወደ ጦርነት ሳይገባ ተጠናቀቀ። በስዊዘርላንድና በአውስትራሊያ ሕገ መንግሥት የሚሻሻለው በአገር አቀፍ ደረጃ ብልጫ ሲገኝ ብቻ ሳይሆን ከክፍለ ግዛቶቹም አብዛኞቹ ሲደግፉት ነው።

«እኛ ብዙ ነን» ለሚሉ ወገኖቻችን

አንዳንድ ደጋፊዎቻችን «እኛ ብዙ ነን፤ ሕገ መንግሥቱ በሃምሳ ሲደመር አንድ ይለወጥ፤ እናሸንፋለን» ይሉናል። የምንፈልገው ለውጥ እንዳለ አንሸሽግም። ነገር ግን ቁጥሩን አብረን እንመልከት። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የኦሮሚያና የአማራ ክልሎች ሕዝብ ተደምሮ የአገሪቱን 60 በመቶ ያህል ነበር። ሁለቱ ቢስማሙ ሌላው ሕዝብ ሳይሰማ አገር ይወሰናል ማለት ነው። የአማራ ክልል ብቻውን ሲታይ ግን ከአራት አንድ እንኳ አይሞላም። ዛሬ ለእኛ የሚጠቅም የመሰለን ሕግ ነገ በእኛው ላይ ይዞራል። ስለዚህ ለራሳችን የማንፈቅደውን ለሌላው አንደግስም።

ብልጫ ብቻውን ምን እንደሚያደርግ የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ከማንም በላይ ያውቃል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ማንም አልጠየቀውም፤ «ርስቴ ሊለካ፣ ሊነጠቅ ነው» ብሎ አመፀ፤ ጦር ዘመተበት። በኋላ አገረ ገዥው ተነሣ፣ ውዝፉ ግብር ቀረ። ያ ሳይጠይቁ የመወሰን ውጤት ነበር። በ1989 ዓ.ም. በክልላችን የመሬት ሽግሽግ ሲካሄድ ደግሞ ሌላው ጽንፍ ታየ። «ቢሮክራት» እና «ፊውዳል» ተብለው የተፈረጁ ገበሬዎች በቀበሌ ስብሰባ ስማቸው እየተነሣ መሬታቸው ተቀነሰ። ስብሰባ ነበረ፤ ብልጫም ነበረ። የተፈረጀው ሰው መከላከያ ግን አልነበረውም። ብልጫ የጥቂቱን መብት ካላከበረ የበዛ ጉልበት ከመሆን አያልፍም።

ስለ ወልቃይትና ራያ

ይህ ጉዳይ የሁላችሁንም ልብ እንደሚነካ እናውቃለን። በ1984 ዓ.ም. እነዚህ አካባቢዎች ወደ ትግራይ ክልል ሲካለሉ ነዋሪው በነፃነት አልተጠየቀም። ይህንን በደል አንረሳም። ይሁን እንጂ መፍትሔው ጦር በከበበው ሳጥን የሚጣል ድምፅ አይደለም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተግባራዊ የሆነው የፕሪቶሪያ ስምምነት ጉዳዩ በሕገ መንግሥቱ መሠረት እንዲፈታ ይላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 48 የሕዝብ አሰፋፈርና ፍላጎት እንዲታይ ያዝዛል። ታዲያ የተፈናቀለ ሳይመለስ የማን አሰፋፈር ይታያል? የተፈናቀለ ስንል አማራውንም ትግራዋዩንም ማለታችን ነው።

የ1997 ዓ.ም. ትምህርት በፊታችን ነው። በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን ከ400 በላይ በሆኑ ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዶ ነበር። ውጤቱ በምድር ላይ በወጉ አልተፈጸመም። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ በዚያው ወሰን ግጭት ተነሥቶ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቀሉ። ድምፅ ተሰጠ እንጂ እርቅ አልወረደም ነበር።

የምንገባው ቃል

ከላይ ላነሣነው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ሕዝበ ውሳኔ ይኑር፤ ለጥቂት የተቀራረበ ድምፅ ግን አገርን፣ ወሰንን ወይም ሕገ መንግሥትን ከቶ አይወስን። ስለሆነም ብንመረጥ የሚከተለው በሕግ እንዲደነገግ እንታገላለን።

1. የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ዛሬ ያለውን የምክር ቤቶች መስፈርት ካለፈ በኋላ ለሕዝብ ይቀርባል። የሚጸድቀው በመላ አገሪቱ ከግማሽ በላይ ድምፅ ሲያገኝና ከክልሎችም በሁለት ሦስተኛው በየራሳቸው ብልጫ ሲያገኝ ነው።

2. መገንጠልንና ወሰንን የሚመለከት ጉዳይ ከተሰጠው ድምፅ ሁለት ሦስተኛ፣ ከተመዘገበው መራጭም ከግማሽ በላይ ማግኘት አለበት።

3. መስፈርቱ ካልተሟላ የነበረው ይጸናል። ለጥቂት የቀረው ወገን ጥያቄ ግን አይዳፈንም፤ በሦስት ወር ውስጥ ድርድር ይጀመራል። ጥያቄው በአሥር ዓመት ውስጥ ለሕዝበ ውሳኔ አይመለስም።

4. የጥያቄው ቃል፣ የመራጮች መዝገብና ከድምፁ በኋላ የሚሆነው፣ ማለትም የዜግነት፣ የንብረት፣ የዕዳና የጸጥታ ውል፣ ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ለሕዝብ ይፋ ይሆናል።

5. ጦርነት ባለበት፣ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ወይም ተፈናቃዮች ባልተመለሱበት ቦታ ሕዝበ ውሳኔ አይካሄድም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን በተቀሰቀሰው ጦርነት መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ያየ ሰው የዚህን ትርጉም ያውቃል።

6. የሰው ሕይወት፣ እምነት፣ የመኖሪያና የመሥራት መብት ለሕዝበ ውሳኔ አይቀርብም። በማንም ብልጫ አይነጠቅም።

7. ቆጠራው በየጣቢያው በታዛቢዎች ፊት ይካሄዳል፤ ውጤቱ እዚያው በር ላይ ይለጠፋል፤ ቅሬታ ነፃ ፍርድ ቤት ያየዋል።

የተከበራችሁ መራጮች፤

እነዚህ መስፈርቶች የራሳችንንም ዓላማ እንደሚያዘገዩት እናውቃለን። ሥልጣን ብንይዝ እጃችንን የሚያስሩ ናቸው። እያወቅን የመረጥናቸው፣ ሃምሳ አንዱ ጨፍሮ አርባ ዘጠኙ ስንቁን የሚቋጥርበት አገር ስለማንፈልግ ነው። የከተማችሁ ስም ራሱ የሰላም መንገድ ማለት ነው። በዚያ መንገድ አብሮን እንዲሄድ የምንፈልገው የመረጠንን ብቻ ሳይሆን ያልመረጠንንም ነው።

ድምፃችሁን ስትሰጡ ይህንን መዝኑ። ሌሎች ፓርቲዎች ሲመጡም ይህንኑ ጥያቄ ጠይቋቸው፤ «ለጥቂት ብትሸነፉ ምን ታደርጋላችሁ? ለጥቂት ብታሸንፉስ?»

ሥልጣን የሕዝብ ነው!
የብዙኃን ድምፅ ይከበር፤ የጥቂቶች መብት ይጠበቅ!
ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!