ቴስተር የያዘ ኢንጂነር

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ ከኤሌክትሪካል ምሩቃን አንዱ ያደረጉት ንግግር)



አዘጋጆቹ «አሥር ደቂቃ አለህ፤ ስለ ኤሌክትሮኒክስ ትምህርት ተናገር» ብለውኛል። አሥር ደቂቃ ለእኛ ሙያ ሰው ብዙ ነው፤ በአሥር ደቂቃ ስንት ፊውዝ ይቃጠላል! ስለዚህ ቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ።

ግቢያችን ለምን እንደተከፈተ እናስታውስ። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ፖሊ ቴክኒክ በሶቭየት ኅብረት ትብብር በ1963 ተከፈተ። በዓመቱ፣ በ1964፣ ጢስ ዓባይ አንድ ኃይል ማመንጨት ጀመረ። ልብ በሉ፤ ፋብሪካው፣ ትምህርት ቤቱና መብራቱ በአራት ዓመት ውስጥ ተከታትለው መጡ። ማሽን ከመጣ የሚጠግነው ሰው ያስፈልጋል፤ ፖሊ ያንን ሰው ሊያፈራ ነው የተቋቋመው። ኤሌክትሪክ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ብረታ ብረት፣ እንጨት ሥራ፣ የእርሻ መካኒክ፣ የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ፤ ሁሉም እጅ የሚፈልጉ ሙያዎች ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አድገናል። ሚያዝያ 28 ቀን 1992 ዓ.ም. ፖሊና ፔዳ በአንድ ስም ዩኒቨርሲቲ ሆነው ተመረቁ። ዲፕሎማው ዲግሪ ሆነ፣ ከዲግሪም በላይ ሄደ። ጢስ ዓባይ አንድ የሚያመነጨው 11.4 ሜጋ ዋት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀው ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ነው። እንዲህ ያለውን ጣቢያ በልምድ ብቻ መምራት አይቻልም፤ ቀመር ይጠይቃል። የዛሬ ተማሪ ከኛ ይልቅ ሒሳቡን አብልጦ ያውቃል፣ እሰየው! እኔን የሚያሳስበኝ ግን ቀመሩ ሲመጣ እጁ እንዳይሄድ ነው።

አንድ ቀላል ምሳሌ ልስጣችሁ። 7805ን የማያውቅ ኤሌክትሮኒክስ የተማረ ሰው የለም። 12 ቮልት ታስገባለህ፣ 5 ቮልት ታወጣለህ። ወረቀት ላይ ልክ ነው፣ ኮምፒውተር ላይም ልክ ነው። ታዲያ 1 አምፔር ስትስብበት የቀረው 7 ቮልት የት ይሄዳል? 7 ዋት ሙቀት ይሆናል! ማቀዝቀዣ ብረት ካልታሰረበት ጣትህን ያቃጥላል፣ ትንሽ ቆይቶም ራሱን ያጠፋል። ኮምፒውተሩ ላይ የሠራው ልጅ ጣቱ ስላልተቃጠለ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። አንድ ጊዜ የነካው ልጅ ግን ዕድሜ ልኩን ዳታሺቱን ሳያነብ ዕቃ አይገዛም። ትምህርት ማለት ይኼ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከወፍጮ ቤት ነው። በጣና ዙሪያ ባሉ ከተሞች ወፍጮው የሚዞረው በባለ ሦስት ፌዝ ሞተር፣ በ380 ቮልት ነው። ከሦስቱ አንዱ ፌዝ ሲጠፋ እየዞረ ያለ ሞተር ወዲያው አይቆምም፤ እያጉረመረመ ይቀጥላል። ሸክሙ በቀሩት ሁለት ፌዞች ላይ ይወድቃል፣ ጥቅልሉ ይግላል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። ባለወፍጮው ሞተሩን ለማስጠቅለል ገንዘብ ያወጣል፤ እህል የተሸከሙ እናቶች ደግሞ ወደ ሌላ ሰፈር ይጓዛሉ። የፌዝ መጥፋትን ለይቶ ሞተሩን የሚያቋርጥ መሣሪያ አዲስ ግኝት አይደለም፤ በዓለም ላይ ሞልቷል። ነገር ግን እዚሁ በሚገኝ ዕቃ፣ አቧራና ዱቄት በሚችል ሣጥን፣ ባለወፍጮው ሊገዛው በሚችል ዋጋ መሥራት ጥሩ የመመረቂያ ፕሮጀክት ነው። መምህራኖቻችን፣ ፕሮጀክቱ መደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚጠጣ ወፍጮ ቤት ሄዶ ዱቄት ቢጠጣ አይሻልም?

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና አለበት። ፈተናው መልካም ነው፤ ማን ምን እንዳነበበ ይለያል። ነገር ግን የተበላሸ ቦርድ ፊት ለፊት ቆሞ «መጀመሪያ የቱን ልለካ?» ብሎ ማሰብን በምርጫ ጥያቄ መመዘን ይከብዳል። ያንን መመዘን የእኛ የቀጣሪዎቹና የእናንተ የመምህራኑ ድርሻ ነው።

አንድ ሌላም ነገር አለ። በአገራችን ዲግሪ ያለው «ኢንጂነር» ይባላል፣ ዲፕሎማ ያለው «ቴክኒሻን» ይባላል፤ በመካከላቸው አጥር አቁመናል። ኢንጂነሩ ቴስተር መያዝ እንደ ውርደት ይቆጥረዋል። ቴክኒሻኑ ደግሞ ለዓመታት ሲጠግን ኖሮ፣ ለምን እንደሚሠራ የሚነግረው ሒሳብ ሲቀርበት ይቆጨዋል። ቀን ሠርቶ ማታ ለዲግሪ የሚማረው ሠራተኛ ይኼን አጥር የሚዘለው ሰው ነው። ክፍል ውስጥ ደክሞት ቢያንቀላፋ አትቆጡት፤ ይልቅ ወደ ሰሌዳው ጥሩትና ለወጣቶቹ አንድ ብልሽት ያስረዳ። እሱ ቀመሩን ከነሱ ይማራል፣ እነሱ እጁን ከሱ ይማራሉ።

እንግዲህ ከእኛ ከምሩቃኑ ሦስት ነገር እለምናለሁ።

አንደኛ፣ መሥሪያ ቤታችሁ የሚጥለውን ኢንቨርተር፣ የኃይል ማስተካከያና የመቆጣጠሪያ ቦርድ በደንቡ አስፈቅዳችሁ ለትምህርት ክፍሉ ስጡ። ለተማሪ ከአዲስ ዕቃ ይልቅ የተበላሸ ዕቃ የበለጠ ያስተምራል።

ሁለተኛ፣ ለልምምድ የሚላክላችሁን ልጅ ፋይል አታስደርድሩት፤ ሻይም አትላኩት። ኃይሉን አጥፍታችሁ፣ መጥፋቱን ራሱ ለክቶ እንዲያረጋግጥ አድርጉ። ከዚያ በኋላ ብቻ ይንካ።

ሦስተኛ፣ በዓመት አንድ ቀን መጥታችሁ የጠገናችሁትን አንድ ብልሽት ብቻ ከምልክቱ እስከ መፍትሔው አውሩላቸው። ስለ ማዕረጋችሁ ሳይሆን ስለ ብልሽቱ።

ጣና ላይ በታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ደንገሉን ራሱ ያጭዳል፣ ራሱ ያስራል፣ ራሱ ይሳፈርበታል። ቋጠሮው ቢላላ መጀመሪያ የሚርሰው እሱ ነው። ልጆቻችንም የሠሩትን የሚሳፈሩበት ሰዎች እንዲሆኑ እንርዳቸው።